ግቢውም የቤቱ ዋጋ ነው

ቤት ማለት ግድግዳና ጣራ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ቤት ሲሠሩ ገንዘባቸውን ሁሉ በግንቡ፣ በኮርኒሱና በሳሎኑ ዕቃ ላይ ያወጡና ወደ ግቢው ሲደርሱ ኪሳቸው ባዶ ይሆናል፤ ግቢውም የተረፈ አሸዋ፣ የተሰባበረ ብሎኬትና የዛገ ቆርቆሮ ማከማቻ ሆኖ ይቀራል። ነገር ግን በርበሬ የሚሰጣው የት ነው? ልብስስ የሚታጠበውና በገመድ ላይ የሚደርቀው የት ነው? ሠርግ ሲሆን ዳሱ የሚጣለው፣ ሰው ሲሞት ድንኳኑ የሚተከለው፣ ለዓመት በዓል በጉ የሚታረደው በሳሎን ውስጥ አይደለም። የኑሯችን እኩሌታ ከጣራ ውጭ የሚፈጸም ሲሆን ግቢን መናቅ የቤትን እኩሌታ እንደ መናቅ ይቆጠራል።

የተከበራችሁ መምህሮቻችንና ወላጆቻችን፣ እናንተም ውድ ጓደኞቼ፣ ይህን አርእስት እንድመርጥ ያደረገኝ በቤታችን ውስጥ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሲካሄድ የቆየው ክርክር ነው። ቦታችን 200 ካሬ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ቤት 75፣ ማድ ቤቱና መጸዳጃው 20 ካሬ ሜትር ይዘዋል፤ የቀረው 105 ካሬ ሜትር ባዶ ግቢ ነው። አጎቴ በዚህ ባዶ ላይ ሦስት የኪራይ ክፍሎች ይሠሩ ይላል። አሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ የአንዲቱ ክፍል ኪራይ እንኳ ለታናሽ እኅቴ የትምህርት ወጪ ይደርስ ነበር። አያቴ ግን «ልጄ፣ ግቢውን ሁሉ ቤት ከሞላኸው የእኔ ድንኳን በየት ሊተከል ነው?» ብላ ጠየቀችው። እርሱም «እማዬ፣ ዕድሜ ይስጥሽ እንጂ ይህን ምን አመጣው!» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ጥያቄው ግን ሳይመለስ ቀረ። እኔም መልሱን በሜትርና በቁጥር መፈለግ ጀመርሁ።

አስቀድሞ ዋጋ የሚባለውን ነገር መለየት ይገባል። የከተማ ቦታ ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ጀምሮ የመንግሥት ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን በአንቀጽ 40 ይደነግጋል። ስለዚህ ማንም ሰው ዐፈሩን አይሸጥም። ይሁን እንጂ ያው አንቀጽ 40 በንዑስ ቁጥር 7 ላይ፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለገነባው ቋሚ ንብረትና ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው ይናገራል፤ ሊሸጠው፣ ሊለውጠው፣ ሊያወርሰውም ይችላል። ይህን ቃል ሳነብ በጣም ተደነቅሁ። የውሃ ቦዩ፣ የድጋፍ ግንቡና የድንጋይ ንጣፉ ሁሉ በመሬት ላይ የተደረገ መሻሻል አይደለምን? እንግዲህ በአገራችን ግቢውን ያለማ ሰው የራሱን ሀብት ማልማቱ ነው፤ ጥሎ የተቀመጠውም ሊኖረው የሚችለውን ሀብት ማጣቱ ነው።

በሰፈራችን የሚሠሩ ሁለት ደላሎችንም ገዢ መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቅ ጠይቄአቸው ነበር። እኔ ስለ አበባና ስለ ሣር የሚነግሩኝ መስሎኝ ነበር። አንደኛው ግን «ልጄ፣ ገዢ ብልህ ከሆነ ቤት የሚያየው በነሐሴ ነው» አለኝ። ሁለተኛው የመኪና መግቢያው እንዴት እንደ ሆነ፣ ግቢው ውሃ እንደሚያቁርና እንደማያቁር፣ ግድግዳው ከሥሩ ርጥበት እንዳለበት አስቀድመው እንደሚመለከቱ ነገረኝ። አበባ ገዢውን ያስደስተዋል፤ ዋጋ የሚያስቀንሰው ግን ውሃ ነው። ስለዚህ እኔም ከአበባው በፊት ስለ ውሃው በሰፊው እጽፋለሁ።

በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል፤ ከዚህም የሚበዛው በክረምት፣ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ የሚወርደው ነው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ መሆኑን በክፍል ተምረናል። እንግዲህ የ75 ካሬ ሜትር ጣራ በዓመት 82,500 ሊትር ይቀበላል ማለት ነው። በትነትና በመፍሰስ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 66,000 ሊትር ይቀራል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል 330 ጊዜ ይሞላል። ይህ ሁሉ ውሃ አሸንዳ በሌለው ቤት ዙሪያ በቀጥታ ወደ መሠረቱ ይወርዳል። ለቧንቧ ውሃ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ከራሳቸው ጣራ የሚወርደውን 330 በርሜል ቤታቸውን እንዲያፈርስ መተዋቸው እጅግ የሚያስገርም ነው።

ጉዳቱ እንደ ዐፈሩ ዓይነት ይለያያል። ከከተማው በስተ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ ተዳፋት ዐፈሩ በብዙ ቦታ ቀላ ያለ ነው፤ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሜዳው ሲወርዱ ግን ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር ዐፈር ይበዛል። ይህ ጥቁር ዐፈር በጣም የደቀቀ ሸክላ ስለ ሆነ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅም ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይወጣዋል። ቤቱ በእንዲህ ዓይነት ዐፈር ላይ በጥልቀት ሳይመሠረት ከተሠራ፣ ክረምት ያነሣዋል፣ በጋ ይጥለዋል፤ ከዚያም በመስኮቱ ማዕዘን ላይ እንደ መብረቅ የተሰነጠቀ መስመር ይታያል። ባለቤቱ ስንጥቁን በጂፕሰም ይደፍናል፤ በሚመጣው ዓመት ስንጥቁ ተመልሶ ይመጣል። መድኃኒቱ ግን ከግድግዳው ላይ ሳይሆን ከግቢው ነው፤ ይኸውም በመሠረቱ ዙሪያ ያለው ዐፈር በክረምት ከመጠን በላይ እንዳይርስ፣ በበጋም ከመጠን በላይ እንዳይደርቅ ማድረግ ነው።

ለዚህ የሚደረገው ሥራ ቀላል ነው። ከቤቱ ግድግዳ እስከ ሦስት ሜትር ድረስ ያለው መሬት ወደ ውጭ መዝለቅ ይኖርበታል፤ ባዶ ዐፈር ወይም ሣር ከሆነ በየሜትሩ 5 ሳንቲሜትር፣ ሊሾ ወይም ንጣፍ ከሆነ በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ቢል ይበቃል። ማንኛችሁም በራሳችሁ ቤት ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሦስት ሜትር ሲባጎ ከግድግዳው ሥር አስራችሁ ወደ ውጭ ወጥሩና በውሃ ልክ አስተካክሉት፤ ውሃ ልክ ከሌለ ግንበኞች እንደሚያደርጉት ውስጡ በሚታይ ቀጭን ጎማ ውሃ ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፎች ብታስተያዩ ልኩ ይገኛል። በሲባጎው ጫፍና በመሬቱ መካከል 15 ሳንቲሜትር ካገኛችሁ ዐፈሩ ደኅና ዘቅዝቋል። እኔ በቤታችን በስተ ኋላ በኩል ስለካ 4 ሳንቲሜትር ብቻ አገኘሁ፤ የጓዳው ግድግዳ በየክረምቱ የሚሻግተው በዚህ ምክንያት መሆኑን ያን ጊዜ አስተዋልን።

ውሃውን ከቤት ካራቁት በኋላ ወዴት ይሂድ? ይህ ጥያቄ የጎረቤትነት ጥያቄ ነው። ከእኛ በላይ ያለ አንድ ግቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዳር እስከ ዳር ሊሾ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃው በአጥሩ ሥር ተሹለክልኮ ወደ እኛ ይወርዳል። ዱሮ ዐፈሩ ይጠጣው የነበረውን አሁን እኛ እንጠጣው ዘንድ ተፈርዶብናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለ ሀብት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ በቁጥር 1225 ያዛል፤ ነገር ግን በቦይ ነገር ከጎረቤት ጋር ፍርድ ቤት ከመሄድ ሽማግሌ መላክ ይሻላል። በእኛ በኩል አድራጎታችን ለታችኛው ጎረቤት እንዲህ እንዳይሆን፣ ውሃውን በቦይ ወደ መንገዱ ማፋሰሻ መምራት፣ ከዚያም በፊት የሚቻለውን ያህል በግቢው ውስጥ ማስቀረት ያስፈልጋል። በአሸንዳና በቱቦ የተሰበሰበ የጣራ ውሃ ወደ ሮቶ ቢገባ ለልብስና ለአትክልት ይሆናል። 30 ሚሊሜትር የሚያወርድ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶን በእኛ ጣራ ብቻ ሊሞላው ይቀርባል። ሮቶውና በርሜሉ መክደኛ ይኑራቸው፤ ሕፃናት እንዳይገቡበት፣ ቢምቢም እንዳይራባበት ነው።

ቦታው ተዳፋት ለሆነበት ሰው ከኮንሶ ሕዝብ የሚማረው ብዙ ነገር አለ። የኮንሶ ሰዎች ቁልቁለቱን በድንጋይ እርከን ከፋፍለው ዐፈራቸውን ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀው ኖረዋል፤ ሥራቸውም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የእርከኑ ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ ስለሚደረደር ውሃው በመካከሉ ቀስ ብሎ ያልፋል። በከተማ የምናየው የድጋፍ ግንብ ግን በሲሚንቶ ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋና፣ በክረምት ውሃ ከኋላው ታቁሮ በክብደቱ ይገፋዋል፤ አንድ ቀን ማታም ግንቡ ተጋድሞ ይገኛል። ግንበኛው በየአንድ ሜትሩ የውሃ ማስወጫ ቱቦ ቢያስገባና ከግንቡ ጀርባ ጠጠር ቢሞላ ኖሮ ባልወደቀ ነበር። ባለቤት የሆነ ሰው ይህን ሳያይ ለግንበኛው የመጨረሻውን ክፍያ አይክፈል።

ስለ ንጣፍም አንድ ነገር ልበል። ግቢን በሙሉ ሊሾ ማድረግ ንጽሕና የሚመስላቸው አሉ። ጭቃ እንደሚጠፋ እውነት ነው፤ ነገር ግን በጋ ሲሆን ሊሾው ሙቀት ይተፋል፣ ክረምት ሲሆን ውሃውን ሁሉ ይመልሳል፣ ቱቦ የተበላሸ ዕለትም በመዶሻ ይፈነቀላል። በአሸዋ ላይ የተደረደረ ጥርብ ድንጋይ፣ በየከተማው ኮብልስቶን የምንለው፣ በመገጣጠሚያው ውሃ ያሳልፋል፤ ቢሰምጥም ተነሥቶ እንደ ገና ይነጠፋል። ስለዚህ ለመኪና መግቢያና ከበሩ እስከ ቤቱ ለሚወስደው መንገድ ድንጋይ፣ ለልብስ ማጠቢያውና ለማድ ቤቱ ደጃፍ ሊሾ፣ ለቀረው ሣር ቢሆን እመርጣለሁ። ከሣርም ሰርዶ ይበልጣል፤ በበጋ ቢጠወልግ በዝናብ ተመልሶ ይለመልማል፣ የእግር ብዛትም ይችላል። አህያዋ «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው መልካምነቱን አውቃ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ዛፉ እንመለስ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አድኗታል፤ ይህን ውለታውን መካድ አይገባም። በጠባብ ግቢ ውስጥ ግን ቦታው አይደለም። ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ አትክልት እንደ ልብ አያበቅልም፣ በጥቁር ዐፈር ላይ ከሆነም በቤቱ ዙሪያ ያለውን ርጥበት መጥጦ መሠረቱን ያሰምጠዋል። ለማንኛውም ትልቅ ዛፍ ደኅነኛው ርቀት የዛፉ ሙሉ ቁመት ነው ይባላል፤ ይህም በ200 ካሬ ሜትር ግቢ ውስጥ የሚቻል ስላልሆነ ትልልቅ ዛፎችን ትቶ ትንንሾቹን መምረጥ ይሻላል። ዋንዛና ዝግባ እንኳ የተከበሩ ዛፎች ቢሆኑ ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ። ለደጋ ከተማ ኮክ፣ ፕሪምና ሮማን ይስማማሉ፤ ሲገረዙም ዝቅ ብለው ያፈራሉ። ወይራ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ የቸኮለ ሰው አይወደውም፤ ነገር ግን ቅጠሉ ለዓመታት ሳይረግፍ ያጌጣል፣ ከግርዛቱ የተገኘውም እንጨት ጋንና ማሰሮ ለማጠን ይሆናል።

የጌዴኦ ገበሬዎች በአንድ ማሳ ላይ ከላይ ትልቅ ዛፍ፣ ከመካከል እንሰት፣ ከዚያ ቡና፣ ከታች ደግሞ ጎመንና ሥራ ሥር ደራርበው ያበቅላሉ፤ ይህም የእርሻ ሥርዓት በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ትንሽ ግቢ ያለው የከተማ ሰው ከዚህ የሚቀስመው ጥበብ አለው፤ መሬቱ ጠባብ ቢሆን ወደ ላይ መደራረብ ይቻላል ማለት ነው። በአጥሩ ጥግ ጌሾ፣ ከእርሱ ፊት ጥቂት የኮባ ተክል፣ ከግርጌው ጤና አዳምና በሶብላ፣ ከዳር ጠጅ ሣር ቢተከል ቦታው ሦስት ሜትር ስፋት እንኳ አይሻም። ጌሾው ለጠላ፣ ኮባው ለድፎ ዳቦ፣ ጤና አዳሙ ለቡና፣ በሶብላው ለበርበሬና ለሽሮ ነው፤ ጠጅ ሣሩንም በዓመት በዓል ዋዜማ ከገበያ ከመግዛት ያድናል። አበባ ለሚወድ ሰው ጽጌ ረዳ አለ፤ ስለ እርሷ የሚያውቁ ብዙ ስለሆኑ አልጽፍም። ለአጥርነት ሰንሰል በቶሎ ይይዛል። ቅንጭብ ግን ወተቱ ዓይን ስለሚጎዳ ልጆች በሚጫወቱበት ቤት አይተከል።

የመቀመጫውን ቦታ ለመምረጥ የጂኦግራፊ ትምህርታችን ይረዳናል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በበጋ ወራት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታደላለች። ስለዚህ በበጋ ቡና የሚፈላበትና እንግዳ የሚቀመጥበት ጥላ ከቤቱ በስተ ሰሜንና በስተ ምሥራቅ ይገኛል፤ በስተ ምሥራቅ ያለው ከቀትር በኋላ፣ ማለት ሰዎች ለቡና በሚጠራሩበት ሰዓት፣ ይበልጥ ጥላ ነው። በርበሬና ብቅል የሚሰጣበት፣ ልብስም የሚደርቅበት ቦታ በተቃራኒው በስተ ደቡብና በስተ ምዕራብ ይሁን። ብዙ ሰዎች በረንዳቸውን ወደ ምዕራብ አሠርተው ከቀትር በኋላ መጋረጃ ሲወጥሩ አያለሁ፤ ይህን ያመጣው ቤቱ ሲጀመር ግቢው አብሮ አለመታሰቡ ነው።

የድንኳኑን ጥያቄ አልረሳሁትም። 5 በ8 የሆነ የእድር ድንኳን 40 ካሬ ሜትር ይሻል፤ ለገመዱና ለሰው ማለፊያ ሲጨመርበት ከ50 አያንስም። ይህን የሚያህል ክፍት ቦታ ለክፉ ቀን ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በጉራጌ አገር ጀፎረ የሚባል ሰፊ የሣር ጎዳና በየቤቱ ፊት ይዘረጋል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ሽማግሌዎች ይሸንጉበታል፣ መስቀል ይከበርበታል፣ ልቅሶም ይደረስበታል። ማንም ጠርቦ እንዳይወስደውም በባህል ሕግ ይጠበቃል። በአዲስ አበባም ከ1996 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ግቢ የሌላቸው ስለሆኑ፣ ለዕርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለድግስ የሚሆን የጋራ ቤት እንዲሠራላቸው ግድ ሆኗል። ክፍት ቦታ የሚያስፈልግ ነገር ስለሆነ አንዱ በር ቢዘጋበት በሌላው ይገባል።

የእኛ ግቢ ስሌት እንግዲህ እንዲህ ነው። ሦስቱ የኪራይ ክፍሎች ከነግድግዳቸው 45 ካሬ ሜትር ይይዛሉ፤ ከ105 ሲቀነስ 60፣ የመግቢያው መንገድ 20 ሲወጣለት 40 ብቻ ይቀራል። ይህ ቦታ ለድንኳኑ አይበቃም፤ ልብስ ማስጫውና አትክልቱም ቦታ አይኖራቸውም። ሁለት ክፍሎች ቢሠሩ ግን 30 ካሬ ሜትር ስለሆኑ 55 ይተርፋል። ሁለቱም በኋለኛው አጥር በኩል በአንድ ረድፍ ቢሆኑ፣ ጣራቸው በአሸንዳ ወደ ሮቶው ቢወርድ፣ የጓዳው ግድግዳም ከዚያው ሥራ ጋር ቢታረም፣ ኪራዩም ይገኛል፤ ግቢውም አይሞትም። ገዢ ቢመጣ፣ ወይም ቤቱ ለእኔና ለእኅቴ ቢወረስ፣ ኪራይና ክፍት ግቢ ያለው ቤት ክፍል ብቻ ከታጨቀበት ቤት ይልቅ ብዙ ዓይነት ሰው ይፈልገዋል ብዬ አምናለሁ። ስሌቱን ለአጎቴ በወረቀት አሳየሁት፤ ሁለት ጊዜ ደምሮ ትክክል መሆኑን አመነ፤ ሦስተኛይቱን ክፍል ግን ገና አልተዋትም፤ በፎቅ ትሠራለች እያለ ነው።

ሥራውን ለመጀመር ለሚያስብ ሰው ወቅቱን ማወቅ ይጠቅመዋል። ዝቅዝቃቱ፣ ቦዩና የድጋፍ ግንቡ መሬቱ ደረቅ በሆነበት ከጥር እስከ መጋቢት ቢሠሩ ዝናብ ሳይደርስባቸው ይጠነክራሉ። አሸንዳው ከግንቦት በፊት ይሰቀል። የችግኝ ጉድጓድ በሚያዝያ ተቆፍሮ ለጥቂት ሳምንታት ፀሐይ ይምታው፤ የላዩ ዐፈር ለብቻ፣ የታቹ ዐፈር ለብቻ ይቀመጥና፣ ሲተከል የላዩ ከፍግ ጋር ተደባልቆ ከሥሩ ይግባ። ችግኙ መሬቱ ደኅና አድርጎ ከራሰ በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ፕላስቲኩ ተቀዶ ይተከላል። ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ከሮቶው ውሃ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንድ አንድ ባልዲ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይጠጣ።